የቀድሞ ባለቤትዎ «ቀለብ ይቆረጥልኝ» ቢሉ

መጥሪያው ቢሮዎ ድረስ መጥቷል። አብሮ የተያያዘው ማመልከቻ ላይ የቀድሞ ባለቤትዎ ስም አለ፤ የሚጠየቁትም በየወሩ የሚከፈል ቀለብ ነው። መጀመሪያ የሚመጣው ንዴት ነው። «ንብረቱን ተካፍለን የለም እንዴ?» ይላሉ። ቀጥሎ ስጋት ይመጣል። የቤት ኪራይ፣ የልጆች ትምህርት ቤት፣ የባንክ ብድር እያለ ይህ ደግሞ ከየት ይከፈላል?

ጥያቄው ተገቢ ካልሆነ የመከራከር መብት አለዎት። ተገቢ የሆነ ክፍል ካለውም እሱን ለይቶ ማወቅ ይጠቅምዎታል። ወንድ ይሁኑ ሴት ልዩነት የለውም፤ ሕጉ ባልንም ሚስትንም እኩል ነው የሚያያቸው።

መጀመሪያ የተጠየቁትን ይለዩ

ብዙ ጊዜ «ቀለብ» በሚለው አንድ ቃል ውስጥ ሦስት የተለያዩ ጥያቄዎች ይቀላቀላሉ።

አንደኛው የልጅ ቀለብ ነው። ይህ የልጁ መብት ነው እንጂ የእናት ወይም የአባት አይደለም። በመጠኑ ላይ መነጋገር ይቻላል፤ ግዴታው ግን በፍቺ አይቀርም። ማመልከቻው ውስጥ የልጆች ወጪ ካለ በቀድሞ ባለቤትዎ ላይ ያለዎትን ቅሬታ ወደዚያ አይውሰዱት።

ሁለተኛው የፍቺው ክርክር እልባት እስኪያገኝ ድረስ የሚከፈል ጊዜያዊ ቀለብ ነው። በአዋጅ ቁጥር 213/1992 የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ አንቀጽ 82 እንደሚያዘው፣ የፍቺ አቤቱታ ሲቀርብ ፍርድ ቤቱ ስለ ተጋቢዎቹ መተዳደሪያ፣ ስለ ልጆች አጠባበቅና ስለ ንብረቱ አስተዳደር ተገቢውን ትእዛዝ ይሰጣል። ትዳሩ በሕግ ገና አልፈረሰምና ባልና ሚስት የመደጋገፍ ግዴታቸው እንዳለ ነው።

ሦስተኛው ፍቺው ከተወሰነ በኋላ ለቀድሞ ባለቤት ለራሳቸው የሚጠየቅ ቀለብ ነው። ዋናው ክርክር ያለው እዚህ ላይ ነው። አዋጅ 213/1992 ከፍቺ በኋላ አንዱ ለሌላው በየወሩ እየቆረጠ ይኑር የሚል ግልጽ ድንጋጌ የለውም። የመደጋገፍ ግዴታ ከትዳሩ የሚመነጭ ስለሆነ ትዳሩ ሲፈርስ አብሮ ያበቃል። በዘመድነት ላይ የተመሠረተው የቀለብ ግዴታም እንደ ወላጅና ልጅ፣ እንደ ወንድምና እህት ያሉትን የሚመለከት ነው።

ይህ አዋጅ የሚሠራው በአዲስ አበባና በድሬዳዋ ነው። ክልሎች የየራሳቸው የቤተሰብ ሕግ ስላላቸው፣ ጉዳይዎ በክልል ፍርድ ቤት ከሆነ የዚያን ክልል ሕግ ያስመልክቱ። ሁለታችሁም ተስማምታችሁ ጉዳዩን ለሸሪዓ ፍርድ ቤት ካቀረባችሁ ደግሞ ዳኝነቱ በሸሪዓ ነው፤ ከፍቺ በኋላ ባለው የዒዳ ጊዜ የሚጠየቀው ነፈቃም በዚያው ይታያል።

እርስዎ ራስዎ ፈርመው ይሆን?

የፍቺ ውላችሁን አውጥተው እንደገና ያንብቡ። በስምምነት የተፋቱ ብዙ ሰዎች ነገሩ ቶሎ እንዲያልቅ ብለው «ለሁለት ዓመት በየወሩ ይህን ያህል እከፍላለሁ» የሚል አንቀጽ ላይ ይፈርማሉ፤ ከዚያም ይረሱታል። ፍርድ ቤት ያጸደቀው ስምምነት እንደ ፍርድ ይፈጸማል። «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» ይባል የለ? እንዲህ ያለ አንቀጽ ካለ ክርክርዎ «ግዴታ የለብኝም» ሳይሆን «ጊዜው አልፏል» ወይም «ከፍያለሁ» የሚል ይሆናል።

ሌላም የሚታይ ነገር አለ። አንዳንዴ «ቀለብ» የተባለው በእውነቱ ያልተካፈለ የጋራ ንብረት ጥያቄ ነው። ከጋብቻ በፊት የነበረዎት ቤት የግልዎ ነው እንበል። በጋብቻው ዘመን ከዚያ ቤት የተሰበሰበው ኪራይ ግን የጋራ ሀብት ነው። በሥራ የተገኘ ደመወዝም እንዲሁ። ይህ ገና ካልተጠራ ጥያቄው ሌላ መልክ ይይዛል፤ መልስዎም ያንኑ የሚመጥን መሆን አለበት።

ችግርና አቅም

ቀለብ በሚጠየቅበት ሁሉ ዳኛው ሁለት ነገሮችን ይመዝናል፤ የጠያቂውን ችግርና የከፋዩን አቅም። ሠርቶ መተዳደር የሚችልና ገቢ ያለው ሰው ችግሩን ማስረዳት ይከብደዋል። በአንጻሩ የሚታመም፣ ሕፃን የሚያሳድግ ወይም ለዓመታት ከሥራ ርቆ ቤት የዋለ ሰው ሁኔታ በቀላሉ አይታለፍም።

በቁጥር እንየው። ደመወዝዎ ተቆራጩ ተቀንሶ 30,000 ብር ነው እንበል። ኪራይ 12,000፣ የልጅ ቀለብ 6,000፣ ትራንስፖርትና ምግብ 9,000 ከሆነ የሚተርፈው 3,000 ብር ብቻ ነው። የተጠየቁት 8,000 ከሆነ «ብዙ ነው» ብሎ መናገር አያሳምንም፤ እያንዳንዱን ወጪ በደረሰኝ ሲያሳዩ ግን ዳኛው ራሱ ደምሮ ያየዋል።

ስለዚህ እነዚህን ይሰብስቡ፦

• የፍቺ ውሳኔውንና የንብረት ክፍፍሉን ግልባጭ
• ከመሥሪያ ቤት የደመወዝ ማስረጃ፣ ነጋዴ ከሆኑ የግብር ደረሰኝ
• የኪራይ ውል፣ የብድር ውልና የትምህርት ቤት ደረሰኞች
• እስካሁን የላኩትን ገንዘብ የሚያሳይ የባንክ ወይም የቴሌብር ማስረጃ
• የቀድሞ ባለቤትዎ ሥራ ወይም የኪራይ ገቢ እንዳላቸው የሚያስረዳ ሰነድ። በእጅዎ ከሌለ ፍርድ ቤቱ ከሚመለከተው መሥሪያ ቤት ወይም ባንክ እንዲያስቀርብልዎ ይጠይቁ።

ገንዘብ በእጅ የመስጠት ልማድ ካለዎት ከዛሬ ጀምሮ ይተዉት። ያለ ማስረጃ የተሰጠ ብር ችሎት ፊት እንዳልተሰጠ ነው የሚቆጠረው።

ቀጠሮ አያሳልፉ

ከሁሉ የከፋው ስህተት «ምን ያመጣሉ» ብሎ መቅረት ነው። ተከሳሽ ካልቀረበ ጉዳዩ በሌለበት ይታያል፤ የሚሰማውም የአንድ ወገን ቃል ብቻ ይሆናል። በቂ ምክንያት ኖሮት የቀረ ሰው ውሳኔውን ካወቀበት ቀን አንስቶ በአንድ ወር ውስጥ እንዲነሳለት ማመልከት ይችላል። በመጨረሻ ፍርድ ቅር የተሰኘ ደግሞ በ60 ቀን ውስጥ ይግባኝ ይላል። ትእዛዝ ተሰጥቶ ሳለ በራስዎ ፈቃድ ክፍያ ማቆም ግን ወደ አፈጻጸምና ወደ ደመወዝ እግድ ይወስድዎታል። ሥራ ከለቀቁ ወይም ከታመሙ መጠኑ እንዲሻሻል ያመልክቱ።

ገቢ መደበቅም አያዋጣም። ቤትን በእህት ስም ማዞር ወይም ከአሠሪ ጋር ተማክሮ ደመወዝን ዝቅ አድርጎ ማጻፍ የታወቀ ዘዴ ነው። አንዱ ሐሰት ከታወቀ እውነቱንም የሚያምንዎት አያገኙም።

አሜሪካ ላላችሁ

ባል ወይም ሚስት ከአገር ቤት ያስመጣ ሰው ኢሚግሬሽን ላይ «አይ-864» የተባለውን የድጋፍ ቃል ፈርሟል። ይህ ፊርማ በፍቺ አይቀደድም። የመጣው ሰው ገቢ የፌዴራሉ መንግሥት ካወጣው የድህነት መለኪያ 125 በመቶ በታች ከሆነ ፈራሚውን ሊከሰው ይችላል። ግዴታው የሚያበቃው የመጣው ሰው ዜግነት ሲያገኝ፣ 40 ሩብ ዓመት የሥራ ጊዜ ሲቆጠርለት፣ አገሩን ለቆ ሲሄድ ወይም ከሁለቱ አንዱ ሲሞት ነው። ስለዚህ እዚያ «ተፋተናል» ማለት ብቻውን መልስ አይሆንም፤ መታየት ያለበት ከእነዚህ አንዱ መሟላቱ ነው።

በወዲያኛው ወገን ያለው

ሕጉ ከጎንዎ ቢሆንም እንኳ አንድ ነገር ይጠይቁ። ለአሥር ዓመት ልጅ ያሳደጉ፣ እርስዎ ማታ ሲማሩ ቤቱን የጠበቁ ሰው ዛሬ ሥራ ፈልገው ቢያጡ ጥፋቱ የማን ነው? ሕጉ ለዚህ የሚሰጠው መልስ የንብረቱን እኩሌታ ነው። ለፍቺው ምክንያት የሆነው አንደኛው ወገን ከሆነም፣ ፍትሕ ሲያስገድድ ካሣ ሊወስን ይችላል። ንብረት ያላፈራ ቤት ግን የሚካፈለው የለውም።

ስለዚህ ከችሎት በፊት ወይም ከችሎት ጎን ለጎን በሽማግሌ ወይም በጠበቃ በኩል የተወሰነ ነገር ማቅረብ ያስቡ። ለስድስት ወር የስልጠና ክፍያ ወይም ለአንድ ጊዜ የኪራይ ቅድመ ክፍያ ሊሆን ይችላል። መጠኑና ማብቂያው በጽሑፍ ይስፈር፤ ፍርድ ቤት ያጽድቀው። ማብቂያው የታወቀ ድጋፍ ለሁለታችሁም ይቀላል። ልጆች ካሏችሁ ደግሞ በምረቃና በሠርግ ቀን አንድ ጠረጴዛ ላይ መቀመጣችሁ አይቀርም፤ ያን ቀን የሚታወሳችሁ ዛሬ የምትነጋገሩበት መንገድ ነው።