ኦፊስ ኢንጂነር

ሳይት ላይ ሄልሜት አድርጎ ከፎርማኑ ጋር ሲሯሯጥ የሚውለውን ኢንጂነር ሁሉም ያውቀዋል። እዚያው ጥግ ላይ፣ በቆርቆሮዋ ቢሮ ውስጥ ድሮዊንግ ዘርግቶ ሲያሰላ የሚያመሸውን ግን ከሙያው ውጪ ያለ ሰው ብዙም አያውቀውም። ኦፊስ ኢንጂነር ይባላል። ተቋራጩ ደመወዝ የሚከፍለው፣ ሲሚንቶና ብረት የሚገዛው ይህ ሰው በሚያዘጋጀው የክፍያ ጥያቄ ነው።

ሥራው ከድሮዊንጉ የተለካው መጠን ከሚጻፍበት ቴክኦፍ ሺት ይነሳል። 40 በ40 ሳንቲ ሜትር ሆኖ 3 ሜትር የሚቆም ኮለን 0.48 ሜትር ኩብ ኮንክሪት ይበላል። ሃያ ኮለን ከተሞላ 9.6 ሜትር ኩብ ነው፤ በውሉ ነጠላ ዋጋ ሲባዛ ብር ይሆናል። ብረቱ በኪሎ ይታሰባል። በሚሊ ሜትር የተለካው ዲያሜትር ስኩዌር ለ162 ሲካፈል የአንድ ሜትሩ ክብደት ይገኛል፤ ባለ 12 ብረት 0.89 ኪሎ ገደማ ይመዝናል።

ስሌቱን ማንም ይለምደዋል። ከባዱ ማስረጃው ነው። የመሠረት ቁፋሮን እንውሰድ። አለት መቆፈር ከተራ አፈር እጅግ ስለሚወደድ በውሉ ላይ ዋጋቸው ለየብቻ ነው። አለቱ ከየት እንደጀመረና ምን ያህል እንደወረደ ሥራውን ለአሠሪው የሚቆጣጠረው አማካሪ ተወካይ ባለበት ተለክቶ ሁለቱም ካልፈረሙበት፣ ጉድጓዱ ከተሞላ በኋላ ማን ይመሰክራል? ነዳጅና ጉልበት የፈሰሰበት አለት እንደ አፈር ይከፈላል። በእኔ እምነት የዚህ ሙያ ትልቁ ሰዓት ቢሮ ውስጥ አይደለም፤ ጉድጓዱ አፋፍ ላይ ቆሞ የሚፈረምበት ሰዓት ነው።

ከዚያ ክፍያውን መጠበቁ አለ። የዓለም አቀፉ የአማካሪ መሐንዲሶች ፌዴሬሽን (ፊዲክ) የግንባታ ውል፣ ቀይ መጽሐፍ የሚባለው፣ እ.ኤ.አ. የ1999 እትሙ፣ አማካሪ መሐንዲሱ የክፍያ ጥያቄው በደረሰው በ28 ቀን ውስጥ የክፍያ ሰርተፍኬቱን እንዲያወጣ፣ አሠሪው ደግሞ ጥያቄው ለመሐንዲሱ ከደረሰበት ከዚያው ቀን አንስቶ በ56 ቀን ውስጥ እንዲከፍል ይላል። ደመወዝ ግን 56 ቀን አይጠብቅም። ገንዘቡም ሙሉውን አይመጣም። ውሉ 30 በመቶ ቅድሚያ ክፍያና 5 በመቶ ሪቴንሽን፣ ማለትም ከየክፍያው ተቀንሶ የሚያዝ መያዣ፣ ካለው፣ 10 ሚሊዮን ብር የሚያወጣ ሥራ ሲቀርብ ቅድሚያው በዚያው መጠን ተቀንሶ እጅ የሚገባው፣ ከግብሩ ሌላ፣ 6.5 ሚሊዮን ነው። ቅድሚያውን ለሌላ ጉዳይ ያዋለ ድርጅት የሚንገዳገደው እዚህ ላይ ነው፤ ይህን ከወራት በፊት አስልቶ ለሥራ አስኪያጁ መንገር የኦፊስ ኢንጂነሩ ድርሻ ነው።

ደብዳቤም ይጽፋል። ድሮዊንግ ዘግይቶ ሥራ ከቆመ፣ በዚሁ የፊዲክ ውል መሠረት ተቋራጩ ባወቀ በ28 ቀን ውስጥ በጽሑፍ ካላሳወቀ የጊዜ ማራዘሚያም ተጨማሪ ክፍያም የመጠየቅ መብቱን ያጣል።

ሕንፃው ተመርቆ ሁሉም ወደ ሌላ ሳይት ሲሄድም የእሱ ፋይል አይዘጋም። የሪቴንሽኑ ግማሽ በርክክብ ጊዜ ይለቀቃል፤ ቀሪው ግማሽ የሚከፈለው፣ ብዙውን ጊዜ አንድ ዓመት የሚሆነው የጉድለት ማረሚያ ጊዜ ሲያበቃ ነው።