ኤክሶርሲስት 2፦ ዘ ሄሬቲክ

ኤክሶርሲስት 2፦ ዘ ሄሬቲክ («መናፍቁ») ሰኔ 10 ቀን 1969 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ1977) በአሜሪካ የወጣ አስፈሪ ፊልም ነው። ዳይሬክተሩ እንግሊዛዊው ጆን ቡርማን ነው። እ.ኤ.አ. በ1973 ለወጣው «ዘ ኤክሶርሲስት» ተከታይ ሲሆን የታሪኩ አንድ ክፍል በኢትዮጵያ ይካሄዳል። ተመልካችን ካሳዘኑ ተከታይ ፊልሞች መካከል ስሙ ደጋግሞ ይነሣል።

የመጀመሪያው ፊልም

«ዘ ኤክሶርሲስት» በዊልያም ፒተር ብላቲ ልብ ወለድ ላይ ተመሥርቶ በዊልያም ፍሪድኪን የተዘጋጀ ነው። ለ10 የኦስካር ሽልማቶች ታጭቶ 2ቱን አግኝቷል። ሬገን የተባለች ልጅ ስትታመም እናቷ ከሐኪም ሐኪም ታንከራትታታለች፤ መፍትሔ ስታጣ ወደ ካህናት ትሄዳለች። ሕመምተኛ ይዞ ከሐኪም ቤት ወደ ጠበል የሚሄድ ቤተሰብን ለሚያውቅ ኢትዮጵያዊ ይህ መንገድ እንግዳ አይደለም። አብዛኛው ፍርሃት የሚፈጠረው በአንድ መኝታ ክፍል ውስጥ ነው።

ታሪኩ

አባ ላሞንት (ሪቻርድ በርተን) ሬገንን ለማዳን ሲታገሉ የሞቱትን የአባ ሜሪንን አሟሟት እንዲመረምሩ ይታዘዛሉ። የሁለት ሰዎችን ሐሳብ በሚያገናኝ መሣሪያ አማካይነት የሬገንን (ሊንዳ ብሌር) ትዝታ ያያሉ። በዚህም አባ ሜሪን ቀደም ሲል በኢትዮጵያ ኮኩሞ ከተባለ ልጅ ፓዙዙ የተባለውን ጋኔን እንዳስወጡ ይረዳሉ። ፓዙዙ በፊልሙ የአንበጣ መንጋ መንፈስ ነው። ያደገው ኮኩሞ (ጄምስ ኧርል ጆንስ) አንበጣን የሚያጠና ሳይንቲስት ሆኖ ይገኛል።

ኢትዮጵያ በፊልሙ

ቡርማን በኢትዮጵያ ለመቅረጽ አስቦ ነበር፤ አልተሳካለትም። በገደል ላይ የሚታየው ከአለት የተፈለፈለ ቤተ ክርስቲያን በካሊፎርኒያ ስቱዲዮ የተሠራ ነው። ኮኩሞ የሚለው ስምም የናይጄሪያ ዮሩባ ሕዝብ እንጂ የኢትዮጵያ አይደለም። አንበጣው ግን ለአገሪቱ እውነተኛ መቅሠፍት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1958 ብቻ የበረሃ አንበጣ በኢትዮጵያ 167,000 ቶን እህል አጥፍቷል። ፊልሙ ስለ ገበሬው ጉዳት የሚናገረው ጥቂት ነው፤ አንበጣውን የወሰደው ለክፋት ምሳሌነት ነው።

ያልተሳካበት ምክንያት

ቡርማን የመጀመሪያውን ፊልም እንዲያዘጋጅ ተጠይቆ፣ በልጅ ላይ የሚፈጸመውን ጭካኔ ስላልወደደው እምቢ ብሎ ነበር። ሁለተኛውን ሲይዝ ስለ በጎነት የሚናገር ፊልም ለመሥራት ፈለገ። ተመልካቹ ግን የመጣው ሊፈራ ነበር። በፊተኛው ፊልም ጋኔኑ ለምን ልጅቷን እንደመረጠ አይታወቅም፤ ፍርሃቱም ከዚሁ ይመነጫል። ተከታዩ ምክንያቱን በመሣሪያና በንግግር ስላብራራው ምሥጢሩ ቀረ። በቀረጻው ጊዜ ቡርማን በጽኑ ታምሞ ሥራው ከአንድ ወር በላይ ተቋርጧል፤ ጽሑፉም ደጋግሞ ተለውጧል።

አቀባበል

በመጀመሪያዎቹ ትዕይንቶች ተመልካቾች ስለሳቁበት ቡርማን ፊልሙን እንደገና ቆራርጦ አስተካከለው። 14 ሚሊዮን ዶላር ወጥቶበት በአሜሪካ 30 ሚሊዮን ያህል ቢያስገባም ከፊተኛው ጋር ሲነጻጸር እጅግ ጥቂት ነበር። የኤንዮ ሞሪኮኔ ሙዚቃ ግን ተወድሷል፤ ዳይሬክተሩ ማርቲን ስኮርሴዚም ፊልሙን ከሚደግፉት ጥቂቶች አንዱ ነው።

ከዚያ በኋላ

እ.ኤ.አ. በ1990 ብላቲ ራሱ ያዘጋጀው ሦስተኛው ፊልም የሁለተኛውን ታሪክ እንዳልነበረ ቆጥሮ አልፎታል። በ2004፣ በ2005 እና በ2023 ሌሎች ፊልሞች ተከትለዋል።