የከርሠ ምድር ሥዕልና የሒሳቡ ወጪ

በኮልፌ አጠና ተራ አንድ የጭነት መኪና ሙሉ አጠና የሚገዛ ነጋዴ እያንዳንዱን እንጨት ሲለካ አይውልም፤ ከላይ የተደረደረውን ብቻ አይቶ ዋጋ ቢቆርጥም ይታለላል። ስለዚህ ከላይም፣ ከመካከልም፣ ከሥርም ያለ ምርጫ ጥቂት ጥቂት እየመዘዘ ያያል። ከምድር በታች ነዳጅና ጋዝ የሚፈልጉ ባለሞያዎችም የሒሳባቸውን ወጪ የሚያሳንሱት ይህንኑ በመሰለ ዘዴ ነው።

የፍለጋው ሥራ እንደሚከተለው ነው። ፈንጂ ይፈነዳል ወይም ከባድ መኪና መሬቱን ያንቀጠቅጣል፤ ሞገዱ ወደ ታች ወርዶ ከዐለት ንጣፍ ጋር ሲጋጭ ይመለሳል፤ የተመለሰውንም በየቦታው የተተከሉ መሣሪያዎች ይመዘግቡታል። በአገራችንም እ.ኤ.አ. በ2003 የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና የውጭ አገር ሳይንቲስቶች በስምጥ ሸለቆ ከ1,000 በላይ መሣሪያዎች ተክለው የምድሩን ቅርፊት በሞገድ መርምረዋል።

ይሁን እንጂ መዝገቡ ብቻውን ሥዕል አይሆንም። ኮምፒዩተሩ ለእያንዳንዱ ፍንዳታ አንድ ጊዜ የወረደውን፣ አንድ ጊዜ የተመለሰውን ሞገድ ማስላት አለበት። ስለዚህ 1,000 ፍንዳታ 2,000 ስሌት ይጠይቃል፤ ሥዕሉ ከመዝገቡ ጋር እስኪስማማ 20 ጊዜ ቢታረም ደግሞ ስሌቱ 40,000 ይደርሳል። አልበርት ታራንቶላ ይህን የማረም ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1984 ሲያቀርብ፣ የዘመኑ ኮምፒዩተሮች ለሰፊ ቦታ ሊሸከሙት አልቻሉም።

መፍትሔው የተገኘው ከሞገዱ ጠባይ ነው። ሞገዶች ሲተላለፉ አንዱ ሌላውን አያበላሽም፤ ስለዚህ የብዙ ፍንዳታ መዝገብ በዕጣ በወጣ ሚዛን ተደምሮ እንደ አንድ ሊሰላ ይችላል። 1,000ው ፍንዳታ በ50 ድምር ቢጠቃለል፣ 40,000 የነበረው ስሌት ወደ 2,000 ይወርዳል። መደባለቁ በሥዕሉ ላይ የሐሰት ምልክት ማምጣቱ አይቀርም፤ ነገር ግን ድብልቁ በየዙሩ በአዲስ ዕጣ ሲለወጥ ሐሰቱ በአንድ ስፍራ አይከማችም፤ እውነተኛው ንጣፍ ግን እየጎላ ይሄዳል።

ቁጠባውም ልክ አለው። ድምሩ ከመጠን በላይ ካነሰ የሌለ ንጣፍ ያለ መስሎ ይታያል። እ.ኤ.አ. በ1973 ጋዝ በተገኘበት በኦጋዴኑ ካሉብ እንደሚታየው የጉድጓድ ጥልቀት በሺህ ሜትር የሚቆጠር ስለሆነ፣ በሐሰት ምልክት የተቆፈረ አንድ ጉድጓድ ከተቆጠበው ሒሳብ እጅግ የበለጠ ገንዘብ ይበላል። እንግዲህ በፍለጋ ሥራ ገንዘቡን እንዲያውል የተጋበዘ ነጋዴ፣ ሥዕሉ የሚያሳየውን ብቻ ሳይሆን በስንት ድምርና በስንት ዙር እንደተሠራ መጠየቅ ይገባዋል።