ከአስታማሚነት እስከ ነርስነት

አገር ቤት፣ ጥሊሊ ላይ፣ አዛውንት የሚጦሩት በቤታቸው ነው። አቅም ሲከዳቸው ልጅ ወይም ምራት ታጥባቸዋለች፣ ታጎርሳቸዋለች፣ ደግፋ ታስነሳቸዋለች። አሜሪካ ውስጥ ግን ይኸው ሥራ ፈተናና ምዝገባ ያለው ሙያ ነው። ይህም በዋሽንግተን ዲሲና ዙሪያዋ ባሉ የአረጋውያን መንከባከቢያዎች ብዙ ኢትዮጵያውያን የሚሠሩበት «ሲ ኤን ኤ» የሚባለው የረዳት ነርስነት ሥራ ማለት ነው።

እ.ኤ.አ. በ1987 የወጣው የፌዴራል ሕግ ለዚህ ሥራ ቢያንስ 75 ሰዓት ሥልጠና ያዛል፤ ከዚህ ውስጥ 16ቱ በአሠልጣኝ ፊት የሚሠራ ተግባር ነው። ከዚያ በላይ የሚጠይቁ ግዛቶችም አሉ። ትምህርቱ በቤት ልማድ የምናውቀውን ከነምክንያቱ ያስረዳል። ከአልጋ የማይነሳ ሰው በየሁለት ሰዓቱ ገደማ ጎኑ ይቀየርለታል፤ ለረጅም ጊዜ የተጫነ ሥጋ ደም ስለማይደርሰው ይቆስላል። መዋጥ የሚቸገር ሰው ምግቡ ወደ ሳንባው እንዳይገባ ቀጥ ብሎ ተቀምጦ ጥቂት በጥቂት ይጎርሳል። ታማሚ ሲነሳም የሚታጠፈው የአስታማሚው ጉልበት እንጂ ወገቡ አይደለም። እናቱን ቤት ውስጥ የሚያስታምም ሰው ሁሉ ይህን ቢያውቅ እንዴት በጠቀመው!

አዲስ ገቢዎች ብዙ ጊዜ የማያውቁት መብትም አለ። ሜዲኬር ወይም ሜዲኬይድ የሚባሉትን የመንግሥት የጤና መድኖች የሚቀበል መንከባከቢያ የቀጠረውን ወይም ሥራ ቃል የገባለትን ሰው የዚህን ሥልጠናና ፈተና ወጪ ሊያስከፍለው አይችልም። በራሱ ገንዘብ የሠለጠነም ሥልጠናውን በጨረሰ በ12 ወር ውስጥ እንዲህ ባለ ተቋም ከተቀጠረ ወጪው የሚመለስበት አሠራር አለ። በተቃራኒው፣ 24 ወር በተከታታይ በሙያው በክፍያ ያልሠራ እንደገና ይሠለጥናል ወይም ይፈተናል።

ስለ ዕድገት ስናወራ ግን በግልጽ መነገር ያለበት ነገር አለ፤ በሲ ኤን ኤነት የተቆጠረ ዓመት ብቻውን ነርስ አያደርግም። ቀጣዩ እርከን «ኤል ፒ ኤን» የሚባለው ከሙሉ ነርስ በታች ያለ የነርስነት ደረጃ ሲሆን አንድ ዓመት ገደማ ትምህርት ይፈልጋል፤ ሙሉ ነርስነት ከሁለት እስከ አራት ዓመት ይወስዳል። ሁለቱም በፈቃድ ፈተና ይጠናቀቃሉ። ለሠራተኛቸው የትምህርት ክፍያ የሚያግዙ አሠሪዎች ስላሉ ገና ሲቀጠሩ መጠየቅ ይገባል።

አገር ቤት ነርሲንግ የተማረች ደግሞ ከታች መጀመር ግዴታዋ አይደለም፤ የትምህርት ማስረጃዋ ተገምግሞ ከተሟላ ለነርስነት ፈተናው መቀመጥ ትችላለች። ገምጋሚዎቹ ማስረጃው በቀጥታ ከኮሌጁ እንዲላክላቸው ይጠይቃሉ። ስለዚህ እንጅባራም ሆነ ባሕር ዳር የተማረች ልጅ ከመጓዟ በፊት ሬጅስትራር ቢሮ ሄዳ ስሟ በፓስፖርቷ ላይ እንዳለው መጻፉን ታረጋግጥ፤ ማስረጃውን የሚልክላትንም ሰው ከወዲሁ ትወክል።