በጫካ ጥላ ውስጥ ትንሿን ወፍ ፎቶግራፍ ለማንሣት

ከአዲስ አበባ ወደ ምዕራብ ወጣ ብለው፥ በወጨጫ ተራራ ጎን ወዳለው ወደ መናገሻ ሱባ ደን የገቡ አንባቢዎቻችን እንደሚያውቁት፥ በዚያ ሥፍራ ፎቶግራፍ አንሺን የሚያስቸግረው የወፍ መታጣት ሳይሆን የብርሃን ማነስ ነው። የጥዱና የዝግባው ቅርንጫፍ ሰማዩን ስለሚጋርደው፥ ፀሐይ በደመቀችበት ሰዓት እንኳ ከሥሩ ያለው ቦታ ድንግዝግዝ ይላል። በዓይኗ ዙሪያ ነጭ ቀለበት ያላት ትንሽ ቢጫማ ወፍ ከመንጋዋ ጋር ከቅጠል ወደ ቅጠል የምትዘለው፥ ፈረንጆች «አቢሲኒያን ካትበርድ» የሚሏትና ከኢትዮጵያ በቀር በሌላ አገር የማትገኘው ግራጫ ወፍም የምትመላለሰው በዚሁ ጥላ ውስጥ ነው።

አንባቢ ሆይ፥ ብርሃን ሲያንስ ሦስት ምርጫ አለዎት። አንደኛው የሌንሱን ቀዳዳ ማስፋት ነው፤ ኤፍ 4 ከኤፍ 5.6 እጥፍ ብርሃን ያስገባል። ሁለተኛው አይኤስኦ የሚባለውን ቍጥር ወደ 1600 ወይም ወደ 3200 ከፍ ማድረግ ነው፤ ታዲያ ሥዕሉ ነቁጥ ነቁጥ ሊልበት ይችላል። ሦስተኛው መዝጊያውን ረዘም ላለ ጊዜ ክፍት ማቆየት ነው፤ ይህ ግን ወፏ ወይም እጅዎ ከተንቀሳቀሰ ሥዕሉን ያበላሻል። ነቁጡን መታገሥ ይሻላል፤ በእንቅስቃሴ የደበዘዘ ሥዕል ግን አይታረምም። ሥዕሉን አጨልሞ አንሥቶ በኋላ ለማብራት መሞከርም ነቁጡን ያበዛዋል።

ዋናው ምሥጢር ግን ከመሣሪያው ይልቅ በወፏ ጠባይ ላይ ነው። ትንሽ ወፍ ያለ ዕረፍት የምትዘል ብትመስልም፥ አስተውለው ቢያዩአት በየመካከሉ ለቅጽበት ቆማ ዙሪያዋን ትመለከታለች። በምትዘልበት ጊዜ የሴኮንድ 1/1000ኛ እንኳ ላይበቃ ይችላል፤ በቆመችባት ቅጽበት ግን 1/125ኛ ብዙ ጊዜ ይበቃል። ስለዚህ ካሜራውን በግንድ ላይ ወይም ባቄላ በተሞላ ከረጢት ላይ አስደግፈው፥ ቆም ስትል ከአንድ በላይ በተከታታይ ያንሡ፤ ከመካከላቸው አንዱ ጥርት ብሎ ይገኛል።

ወፏን ተከትለው አይሩጡ። የቸኮለ አፍሶ ይለቅማል እንደሚባለው፥ ተከታዩ የሚያገኘው ጅራቷን ብቻ ነው። ይልቁንም ዛፍ የወደቀበትን ገላጣ ቦታ ወይም የጫካውን ዳር መርጠው ዝም ብለው ይቀመጡ። ዝንብ አዳኝ የሆኑት ወፎች ነፍሳት ለመያዝ በርረው ከተነሡበት ቅርንጫፍ ተመልሰው የማረፍ ልማድ አላቸውና፥ ያንን ቅርንጫፍ አስቀድመው ያነጣጥሩበት። ደግሞም ከበስተኋላዋ ሰማይ ካለ ወፏ ጠቍራ ስለምትወጣ፥ ግንድ ወይም ቅጠል በስተኋላዋ እንዲሆን ጥቂት ፈቀቅ ይበሉ።

ብርሃን አነሰ ብሎ ጎጆዋን የከለለውን ቅጠል መቍረጥ ግን ከቶ አይገባም። ያ ቅጠል እንቁላሉንና ጫጩቶቹን ከዝናብ፥ ከፀሐይና ከቁራ ዓይን የሚሰውር ነው። ከጎጆዋ ላይ ብልጭታ እየደጋገሙ ማብራትም እናቲቱን ሊያስበረግግ ይችላል፤ እርሷ ስትርቅ እንቁላሉ ይቀዘቅዛል። እ.ኤ.አ. በ1892 ዓ.ም. የወፍ ጎጆን ከነእንቁላሉ ፎቶግራፍ ያነሡት ሪቻርድና ቼሪ ኪርተን የተባሉት እንግሊዛውያን ወንድማማቾች፥ ኋላ ወፎቹ እንዳይደነግጡ ሲሉ የበሬ ቆዳ በለበሰ ባዶ ምስል ውስጥ ተሸሽገው ይጠባበቁ ነበር። የዛሬው ካሜራ በሩቅ ሌንስ ስለሚያነሣ እንዲህ ያለ ድካም አይጠይቅዎትም።

ወፏ ደጋግማ ብትጮህ፥ ወይም ምግብ በአፏ ይዛ ወደ ጎጆዋ ሳትገባ ብትዞር፥ የምትፈራው እርስዎን ነውና ካሜራዎን ይዘው ራቅ ይበሉ። በሌላ ቀን ሲመለሱ ጫጩቶቹ አድገው ያገኟቸው ይሆናል።