ቀላል ጠመንጃ፣ ከባድ ጥይት፦ የእንግሊዝና የአሜሪካ ባለ ሁለት አፈሙዝ

ከአርባ ምንጭ ወደ ጨንቻ ስትወጡ መንገዱ ከ1,300 ሜትር ገደማ ተነስቶ 2,700 ሜትር አካባቢ ይደርሳል። እላይ፣ በገብሱ እርከንና በእንሰቱ ጓሮ ጠርዝ፣ ቆቅ አለች። ቆቅ ደግሞ እግራችሁ ሥር እስክትደርሱ ተደብቃ ቆይታ ድንገት ነው ብር የምትለው። ለእንዲህ ዓይነቱ አደን የተሠራው ባለ ሁለት አፈሙዝ የርሽ ጠመንጃ ነው፤ በአንድ አረር ፋንታ ብዙ ጥቃቅን የእርሳስ ፍሬዎች ይረጫል። (ያለ ፈቃድ ማደን ክልክል ነው፤ ነጭ ሳር ፓርክ ውስጥማ ጭራሽ አይታሰብም።)

ታዲያ የእንግሊዙ ይሻላል የአሜሪካው? የተለመደው የእንግሊዝ ጠመንጃ 3 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፤ ሰደፉ ቀጥ ያለ ነው፤ 30 ግራም ያህል ርሽ ይተኩሳል። እንደ ፓርከር ወይም ዊንቸስተር ሞዴል 21 ያሉት አሜሪካውያን ብዙ ጊዜ 3.5 ኪሎ ይጠጋሉ፤ 35 ግራምም ይችላሉ። ዳገት ለሚወጣና በቅጽበት ለሚያነጣጥር ሰው ቀላሉ ይመረጣል ባይ ነኝ።

ግን ቅለቱ በነፃ አልተገኘም። እስኪ አስሉት፦ 30 ግራም ርሽ በሰከንድ 400 ሜትር ሲወጣ፣ የባሩዱን ጋዝ ብንተወው፣ 3 ኪሎው ጠመንጃ በሰከንድ 4 ሜትር ወደ ኋላ ይመለሳል። 35 ግራሙም ከ3.5 ኪሎው ጋር ያው 4 ሜትር ነው። 35 ግራሙን በ3 ኪሎው ብትተኩሱትስ? ፍጥነቱ 4.7 ይሆናል፤ ትከሻችሁ ላይ የሚያርፈው ጉልበት ደግሞ ከሲሶ በላይ ይጨምራል። ለነገሩ ጨንቻ ላይ አየሩ ከባሕር ወለል በሩብ ያህል ስለሚሳሳ ርሹ ፍጥነቱን ቶሎ አያጣም፤ ከባዱን ጥይት የግድ የሚያሰኝ ነገር የለም።

የትከሻው ሕመም እንኳ ይቻላል። የሚያሰጋው ሌላ ነው። የቆዩ የእንግሊዝ ጠመንጃዎች ጥይት ማስቀመጫ ብዙውን ጊዜ ለ65 ሚሊሜትር የተሠራ ሲሆን፣ የአሜሪካ ጥይት በአብዛኛው 70 ነው። «ከገባ ይሆናል» ትሉ ይሆናል። እኮ እሱ ነው ወጥመዱ! ቁጥሩ የሚያሳየው ከተተኮሰ በኋላ የሚኖረውን የቀለህ ርዝመት ነው። ያልተተኮሰው ጥይት አፉ ታጥፎ ስለሚያጥር አጭሩ ውስጥ ሰተት ብሎ ይገባል፤ ጠመንጃውም ይዘጋል። ሲተኮስ ግን እጥፋቱ ተዘርግቶ አፈሙዙ መጥበብ በሚጀምርበት ቦታ ላይ ያርፋል፤ መውጫው ይጠባል፤ ግፊቱ ጠመንጃው ከተፈተነበት በላይ ሊያልፍ ይችላል። ፊት ለፊቱ ያለው ደግሞ የተኳሹ እጅና ፊት ነው።

የእንግሊዝ ጠመንጃ ለንደን ወይም በርሚንግሃም ባለው የፍተሻ ቤት ማለፍ በሕግ ግዴታው ነው። አሜሪካ እንዲህ ያለ የመንግሥት ግዴታ ስለሌለ እያንዳንዱ ፋብሪካ ራሱ ነው የሚፈትነው፤ ከቆዩት መካከልም አጭር ማስቀመጫ ያላቸው አሉ። ስለዚህ የአገሩን ስም ተዉትና ከአፈሙዞቹ ሥር ባለው ጠፍጣፋ ቦታ የተመታውን ማኅተም እዩ። ካልተነበበ ማስቀመጫውን በመሣሪያ ባለሙያ አስለኩ።