የልብስ ታሪክ አጥኚ በጣና ዳር

በደቅ ደሴት፣ በናርጋ ሥላሴ ግድግዳ ላይ እቴጌ ምንትዋብ በእመቤታችን እግር ሥር ተደፍተው ይታያሉ። ምእመን በሥዕሉ ፊት ይጸልያል፤ የልብስ ታሪክ አጥኚ ደግሞ ዓይኑን የእቴጌይቱ ቀሚስ ላይ ያሳርፋል። ጌጠኛው ጨርቅ ከየት መጣ? እጅጌው እንዴት ተቆረጠ? ሠዓሊው የሣለው በዓይኑ ያየውን ነው ወይስ እጁ የለመደውን? በ18ኛው መቶ ዘመን ጎንደር ማን ምን ይለብስ እንደነበር ለማወቅ እንዲህ ያለ ሥዕል ትልቅ ምስክር ነው። ሆኖም ሥዕል ብቻውን አይበቃም፤ ልብሱ ራሱ መታየት አለበት።

ልብስን የሚሰበስብ፣ የሚያጠናና ለእይታ የሚያቀርብ የሙዚየም ባለሙያ በዓለም ላይ ጎልቶ የወጣው በ20ኛው መቶ ዘመን ነው። በኒውዮርክ እ.ኤ.አ. በ1937 የተቋቋመው የአልባሳት ሙዚየም በ1946 ከሜትሮፖሊታን ሙዚየም ጋር ተዋሐደ። የፋሽን ታሪክ ምሁሯ ቫለሪ ስቲልም እ.ኤ.አ. በ1997 «ፋሽን ቲዎሪ» የተባለውን የጥናት መጽሔት መሠረተች። ሕዝብ የሚያየው ዐውደ ርእዩን ነው እንጂ የሙያው ልብ ሌላ ቦታ ነው፦ ስፌቱን መመርመር፣ ቀለሙ ከዕፅ ይሁን ከፋብሪካ መለየት፣ ጨርቁን ከብልና ከእርጥበት መጠበቅ፣ ብርሃኑን ከ50 ሉክስ አለማሳለፍ።

በእኛ አገር የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም ትልቅ ውለታ አለው፤ የሥነ ጥበብ ታሪክ አጥኚው ስታኒስላቭ ሆይናትስኪ ያሰባሰቡት ቅርስ ዛሬም በስድስት ኪሎ ይገኛል። ከሙዚየም በፊት ግን ይህን ሥራ የሠሩት ገበዞችና ዕቃ ቤት ጠባቂዎች ናቸው። የጣና ገዳማት ካባውን፣ አክሊሉንና መጋረጃውን ጠብቀው ለዛሬ አድርሰዋል። ሴት ተመራማሪ ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስ አትገባም፤ ዑራ ኪዳነ ምሕረትና ናርጋ ግን ክፍት ናቸው። ስለዚህ ጥናቱ ከገዳማውያኑ ጋር በመተባበር እንጂ በሌላ መንገድ አይሆንም።

ከእጃችን የወጣውም ብዙ ነው። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ በእንግሊዝ ጦር እጅ ከወደቀች በኋላ የአፄ ቴዎድሮስ ባለቤት የእቴጌ ጥሩወርቅ ውቤ እንደነበረ የሚነገርለት በሐር የተጠለፈ የጥጥ ቀሚስ ለንደን ቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ገባ። ከጎንደር ዘመን የተረፉ ከ5 ሜትር በላይ የሚረዝሙ የሐር መጋረጃዎችም አሉ፤ አንዱ በብሪቲሽ ሙዚየም፣ ሌላው በቶሮንቶ። የቶሮንቶው የታሪክ ምሁር ማይክል ጀርቨርስ አሸማመናቸውን አጥንተዋል። በ2010 ዓ.ም. የቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ዳይሬክተር ትሪስትራም ሀንት የመቅደላ ቅርሶችን ለረጅም ጊዜ ማዋስ እንደሚቻል ተናግረው ነበር። የተዘረፈን ልብስ በውሰት መቀበል ለእኔ አይዋጥልኝም፤ የባለቤትነቱ ጥያቄ እንዳለ ነው።

ባሕር ዳር በ1953 ዓ.ም. የጨርቃጨርቅ ፋብሪካ የተከፈተባት፣ ዛሬም በዩኒቨርሲቲዋ የጨርቃጨርቅና ፋሽን ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ያላት ከተማ ናት። ፈትልና ቀለም የሚመረምር ባለሙያ በከተማዋ፣ የዘመናት ልብስ ደግሞ በጀልባ መንገድ ላይ ባሉት ደሴቶች አለ። ኢንስቲትዩቱና ገዳማቱ ይነጋገሩ። ተማሪዎች ከገበዞቹ ጋር ተቀምጠው የየዕቃ ቤቱን ልብስ በዝርዝር ይመዝግቡ፤ ጨርቁን፣ ስፌቱን፣ የሰጪውን ስም፣ ያለበትን ሁኔታ ይጻፉ። ብልና እርጥበት ሳይቀድሟቸው ይጀምሩ።